የአሮጌ ጋዜጣ ምስክርነት



እስቲ ይህን መጽሔት ለጥቂት ጊዜ ወደ ጎን አድርጉትና በቤታችሁ ላሉት አዛውንት፣ ለአባትም ይሁን ለአያት ወይም ለአክስት፣ አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው። «የሰፈራችን መስጊድ የተሠራው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» በሏቸው። አንዱ «ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ነው» ይሏችኋል። ሁለተኛው «የለም! አንበጣ የወረደብን ጊዜ ነው» ይላሉ። ሦስተኛዋ ደግሞ «ታላቅ እኅትህ ጡት የጣለችበት ዓመት ነው፤ እኔ አልረሳውም» ብለው ወላሂ ይላሉ። ሦስቱም የሚናገሩት የሚያውቁትን ነው፤ የሚዋሽ የለም። ነገር ግን ሦስቱን መልሶች በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብታስተያዩአቸው በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ተራርቀው ታገኟቸዋላችሁ።

ይህ የአዛውንቶቻችን ጉድለት አይደለም። ሰው ዓመትን የሚያስታውሰው በደረሰበት ነገር ነው፤ በድርቅ፣ በሠርግ፣ በሞት፣ በጦርነት። የእኛ ሰው ደግሞ ታሪኩን የሚያቆይበት የራሱ መንገድ አለው። የወሎን መንዙማ በጥሞና ያዳመጠ ሰው የሸይኾቹን ስም፣ የመጡበትን አገርና ያስተማሩበትን ሥፍራ ከግጥሙ ውስጥ ይሰማል። በየሐሪማው በዓረብኛና በዐጀም የተጻፉ ኪታቦች ተቀምጠዋል። የዘር ሐረጉን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ልጅም ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ሀብታችን ነው። ነገር ግን መንዙማው የሚያነሳው ታላላቆቹን ነው። የሰፈሩ የውኃ ጉድጓድ የተቆፈረበትን ቀን፣ ከየመን መጥቶ ሱቅ የከፈተውን ነጋዴ፣ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ በዚያ ዓመት ስንት እንደነበረ፣ የመድረሳው ጣሪያ በማን ገንዘብ እንደተመታ አይነግረንም። እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ከነቀኑ የሚይዝልን አንድ ነገር ቢኖር ጋዜጣ ነው።

ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግኩትም ስለዚሁ ነው፤ ጋዜጣ፣ በተለይም የአካባቢ ጋዜጣ፣ የአንድን አገር ሰው ታሪክ እንዴት እንደሚያቆይ፣ ሳይኖር ሲቀርም ምን እንደሚጎድል።

ጋዜጣ በአገራችን

በአገራችን የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» ይባላል። በአጤ ምኒልክ ዘመን፣ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ላይ፣ አንድርያስ ካቫዲያስ የተባሉ ግሪካዊ ጀመሩት። በመጀመሪያ በእጅ እየተገለበጠ ለጥቂት የቤተ መንግሥት ሰዎች ብቻ ይታደል ነበር። እስቲ አስቡት፤ በእጅ የሚጻፍ ጋዜጣ! ኪታብ ሲገለብጡ ላደሩ ደረሶቻችን ግን ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ከዋና ከተማው ውጭም የተጀመረ አለ። እ.ኤ.አ. በ1905 በሐረር ከተማ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማሳተም ጀምረው ነበር። ነገሩን ልብ በሉ። ሐረር የዑለማ አገር ናት፤ በጁገል ግንብ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ኪታብ የተጻፈባት፣ የተጠረዘባት፣ የተሸጠባት ከተማ ናት። ሆኖም በከተማዋ የወጣው የመጀመሪያ ጋዜጣ የሕዝቧ ቋንቋ አልነበረም። ያን ጊዜ የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ከደረሰ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ዕቃው፣ ነጋዴው፣ ዜናው ከጅቡቲ ወደ ላይ መጉረፍ ጀምሯል። ይህን ለውጥ አንድ የሐረር ነጋዴ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ዓይን፣ በየሳምንቱ ቢጽፈው ኖሮ ዛሬ በእጃችን ምን ያህል ሀብት ይኖረን ነበር?

ከዚያ በኋላ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ወጣ። የጣሊያን ወረራ ካበቃ በኋላ በ1933 ዓ.ም. ግንቦት 30 ቀን «አዲስ ዘመን» ተጀመረ። በዚያው ዘመን «ሰንደቅ ዓላማችን» በአማርኛና በዓረብኛ መታተም ጀመረ። «አል-ዐለም» የሚለው የዓረብኛ ጋዜጣ ስምም ትርጉሙ ይኸው ሰንደቅ ዓላማ ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በኦሮምኛ «በሪሳ» በመሐዲ ሐሚድ ሙዴ ተጀመረ፤ ስሙ የንጋትን ጎሕ ያመለክታል። ያን ጊዜ ኦሮምኛው የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው። አሮጌ «በሪሳ» በቤቱ ያለው ሰው እንግዲህ የያዘው የዜና ወረቀት ብቻ አይደለም፤ አንድ ቋንቋ በአንድ ዘመን እንዴት ይጻፍ እንደነበር የሚያሳይ ምስክር ጭምር ነው።

ከጎረቤት የምንማረው

ሁለት ምሳሌዎችን ከቅርብ ጎረቤት ላምጣላችሁ።

የመጀመሪያው ከአስመራ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1946 በከረን ከተማ የኤርትራ ሙስሊሞች ማኅበር፣ በዓረብኛው አር-ራቢጣ አል-ኢስላሚያ፣ ተመሠረተ። በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ «ሰውት አር-ራቢጣ» የተባለ የዓረብኛ ጋዜጣ አወጣ። በዚያ ጋዜጣ ላይ የከተማው ነጋዴ፣ የቆላው ሸይኽ፣ የመንደሩ አስተማሪ ያሰቡትን ይጽፉ ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ጆሴፍ ቬኖሳ የተባሉ የታሪክ ምሁር የዚያን ዘመን የኤርትራ ሙስሊሞች እንቅስቃሴ ሲያጠኑና እ.ኤ.አ. በ2014 መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ ከዋና ዋና ምንጮቻቸው አንዱ ይኸው ጋዜጣ ሆነ። የእንግሊዝ ሹማምንት ስለ ሕዝቡ የጻፉት ሪፖርት በየመዝገብ ቤቱ ሞልቷል፤ ሕዝቡ ስለ ራሱ የተናገረው ግን በጋዜጣው ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ከሞምባሳ ነው። ሸይኽ አል-አሚን ቢን ዐሊ አል-መዝሩዒ፣ በኋላ የኬንያ ዋና ቃዲ የሆኑት ዓሊም፣ እ.ኤ.አ. በ1930 «ሰሒፋ» የምትባል ትንሽ የስዋሒሊ ጋዜጣ ጀመሩ፤ በ1932 ደግሞ «አል-ኢስላሕ» የተባለውን። ትልቅ ማተሚያ ቤት፣ ብዙ ሠራተኛ አልነበራቸውም። የሚጽፉት ስለ ሰፈራቸው ሰው ነው፤ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ሴቶች ልጆች መማር፣ ስለ ሠርግ ወጪ፣ ስለ ብድር። አንባቢው አንብቦ በሚቀጥለው ቀን ዓሣ ሊጠቀልልበት ይችል ነበር። ነገር ግን ጽሑፎቹ እ.ኤ.አ. በ1944 ተሰብስበው «ኡዎንጎዚ» በሚል ስም መጽሐፍ ሆኑ፤ በ2017 ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው ታተሙ። ዛሬ በ1930ዎቹ የሞምባሳ ሙስሊም ቤተሰብ ምን ያሳስበው እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው እነዚያን አጫጭር ጽሑፎች ያነባል። ያቆያቸው ጥበቃቸው ነው፤ አንድ ሰው ሳይጥላቸው ስለሰበሰባቸው ነው።

ጋዜጣ ያልነበረበት ቦታ

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንሂድ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሃብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከእናንተ መካከል ቤተሰቡን ያጣበትም አይጠፋም። ያን ጊዜ ጋዜጦቻችን የሚታተሙት በአዲስ አበባና በአስመራ ነበር፤ የሚጽፉትም መንግሥት የወደደውን ነው። ወሎ ውስጥ ሰው በመንገድ ዳር ሲወድቅ፣ ጋዜጦቹ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ጉብኝትና ስለ ሹመት ሽረት ያትቱ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው ማሳየት ጀመሩ። ዓለም በሰፊው የሰማው ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን በለንደን ቴሌቪዥን ሲያሳይ ነው። የሞተው ሕዝብ በብዙ አሥር ሺዎች ይቆጠራል። ትክክለኛው ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የሚያከራክረውም በጊዜው የቆጠረ ስላልነበረ ነው።

አማርትያ ሴን የተባሉት የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የወሎን ረሃብ አንድ ምዕራፍ ሰጥተው አጥንተውታል። በአገሪቱ በጠቅላላው እህል ጠፍቶ አልነበረም፤ የወሎ ገበሬ የሚገዛበት አቅም ነው የጠፋው ይላሉ። በኋላ በጻፏቸው ሥራዎችም ነፃ ጋዜጣ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ እንደማይደርስ ደጋግመው ተናግረዋል፤ ዜናው አስቀድሞ ስለሚሰማ፣ የሰማ መንግሥትም ዝም ማለት ስለማይችል።

እኔ ግን ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ያሳዝነኛል። በደሴም ሆነ በወልዲያ፣ በባቲም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በየሳምንቱ የሚወጣ አንድ ቅጠል ወረቀት ቢኖር ኖሮ፣ ቢያንስ የሰዎቹን ስም እናገኝ ነበር። «በዚህ ሳምንት ከእገሌ ቀበሌ የመጡ ይህን ያህል ቤተሰቦች በመስጊዱ ቅጥር ግቢ አድረዋል» የሚል አንዲት መሥመር ታህል ነበር። ሰው ከነስሙ መሞቱና በቁጥር ውስጥ ጠፍቶ መሞቱ አንድ አይደለም።

ከዚያው ዘመን ተቃራኒውንም እንይ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በሒጅራ አቆጣጠር በ1394፣ በአዲስ አበባ አደባባይ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ተሰለፉ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል አሉ፤ በዓሎቻችን በአገር ደረጃ ይከበሩ አሉ። በዓመቱ ውስጥ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ዒድ አል-ፈጥር፣ ዒድ አል-አድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ይህ ቀን በየቤቱ በብዙ መልክ ይተረካል። አንዱ ሰልፉ ከሰዓት በኋላ ነበር ይላል፣ ሌላው ዝናብ ነበረ ይላል፣ ቀኑን እንኳ የሚያሳስት አለ። ሆኖም ሰልፉ በዋና ከተማ፣ ጋዜጣና ፎቶ አንሺ ባለበት ስለሆነ፣ ቀኑን የሚጠራጠር ሰው ሄዶ የሚያየው ወረቀት አለው። የወሎው ሟች ያላገኘውን ይህን ነው የአዲስ አበባው ሰልፈኛ ያገኘው።

አንድ የሙት ማስታወቂያ

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ ስል «እኛን ምን አገባን? ይህ የምሁራን ሥራ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲያው በራሳችን ጀመዓ የደረሰውን ልንገራችሁ።

አባቴ በተወለዱበት ከተማ አንድ የቆየ የሙስሊሞች መቃብር አለ። የእናቴ እናት ያረፉት እዚያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማው ወደዚያ እያደገ መጣና አንድ መሥሪያ ቤት «ይህ ቦታ የመቃብር ቦታ ለመሆኑ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም፣ የጽሑፍ ማስረጃ አቅርቡ» አለ። የጀመዓው ኮሚቴ ስምንት አዛውንት ይዞ ቀረበ። ስምንቱም በአላህ ስም መሰከሩ። የዘመኑ ነገር ሲጠየቅ ግን አንዱ 1945፣ ሌላው 1950፣ ሌላው 1962 አሉ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ «ከእነዚህ የቱን ልጻፍ?» አለ። አዛውንቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው በአገሩ፣ በአባቱ መቃብር ላይ፣ «ማስረጃህ የት አለ?» ሲባል ማየት ቀላል አይደለም።

ከዚያ አንዲት ባልቴት ከሣጥናቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ አንዲት ቁራጭ ጋዜጣ አወጡ። የባለቤታቸው የሙት ማስታወቂያ ነው። ኮፍያ ያደረጉ ሰውዬ ፎቶ አለበት፤ ከሥሩ በነጋዴነት መኖራቸውን፣ ስንት ልጆች እንዳሏቸው ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ በከተማው የሙስሊሞች መቃብር በአባታቸው አጠገብ መቀበራቸውን ይገልጻል። ይህቺ «በአባታቸው አጠገብ» የምትለው ቃል ለእኛ ወርቅ ነበረች፤ ቦታውን አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ትወስደዋለችና። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቁራጯ ቀን የላትም። ያ የሐዘን ቀን ነው፤ የቆረጠው ሰው መቀሱን ያዞረው በፎቶው ዙሪያ ነበር። የጋዜጣው ስምና ቀኑ ከላይ ተቆርጦ ቀርቷል።

ያን ጊዜ ቁራጯን ገልብጠን ጀርባዋን አየን። ከአንድ ሌላ ማስታወቂያ የተረፈ ግማሽ መሥመር አለ፤ በዒድ አል-ፈጥር ምክንያት መሥሪያ ቤት ዝግ መሆኑን የሚናገር። ከዚህ በኋላ ነገሩ የሒሳብ ሥራ ሆነ። በጃንሆይ ዘመን ዒድ ብሔራዊ በዓል ስላልነበረ መሥሪያ ቤት አይዘጋም ነበር፤ ስለዚህ ቁራጯ ከ1967 ወዲህ ያለች ናት። ባልቴቷ ባለቤታቸው የሞቱት ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ እንደሆነ አጥብቀው ያስታውሳሉ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያንስ ዒዱ በየዓመቱ ወደፊት ይቀድማል። ቆጥረን ስናየው ዒድ አል-ፈጥር በመስከረም ወር የዋለው በ1968፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ነሐሴ ይገባል። እንግዲህ የምንፈልገው ከሦስት መስከረሞች በአንዱ፣ ከዒድ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ የወጣን ጋዜጣ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ስለምኖር ፍለጋው በእኔ ላይ ወደቀ። አሮጌ ጋዜጦች ተጠርዘው ወደሚቀመጡበት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የ1968ን መስከረም ገለበጥኩ፤ የለም። የ1969ን ጥራዝ ከፈትኩ፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ሲነካ ይፈረፈራል። በሁለተኛው ሳምንት ላይ ኮፍያ ያደረጉት ሰውዬ ቁጭ ብለዋል። አልሐምዱሊላህ! ከላይ ቀኑ፣ ወሩ፣ ዓመቱ ሙሉውን አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ፎቶ ኮፒ አድርገው ማኅተም አሳረፉበት።

ኮሚቴው ያን ወረቀት ከአዛውንቶቹ ቃል ጋር አያይዞ አቀረበ። ጸሐፊው አሁን የሚጽፈው ዓመት አገኘ፤ ቦታውም እንዲለካ ተደረገ። ልብ በሉ፤ ያን ማስታወቂያ ያወጣው ቤተሰብ ለመቃብር ቦታ ማስረጃ ላስቀምጥ ብሎ አይደለም። ወዳጅ ዘመድ ይስማ ብሎ ነው ጥቂት ብሮች የከፈለው። ከዓመታት በኋላ ግን የቀበሯቸውን ሁሉ ጠበቀላቸው።

የታተመ ሁሉ እውነት ነውን?

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው። በጋዜጣ የወጣ ሁሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም። ሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛው አንቀጽ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ነገር እንድናጣራ ያዘናል፤ የታተመ ወሬም ከዚህ ትእዛዝ አይወጣም። የሐዲሥ ሊቃውንት ማን ከማን ሰማ፣ ተገናኝተዋል ወይ፣ የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነው እያሉ ሰንሰለቱን ይመረምሩ ነበር። አሮጌ ጋዜጣንም እንዲሁ መጠየቅ ይገባል። ማን አሳተመው? ማን ከፈለበት? ጸሐፊው ቦታው ላይ ነበረ ወይስ ከሌላ ሰማ? ሳንሱር ነበረ ወይ?

እኔ ከልምዴ ያየሁት አንድ ነገር አለ። በፊት ገጽ ላይ ያለው ትልቁ ዜና ብዙ ጊዜ የመንግሥትን ሐሳብ ያንፀባርቃል። በኋለኛው ገጽ ያለው ትንሹ ማስታወቂያ ግን ለማንም አይመጻደቅም። የሐራጅ ማስታወቂያ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የጠፋ ማኅተም፣ አዲስ የተከፈተ ሆቴል፣ የሙት ዓመት፤ እነዚህን የሚጽፍ ሰው የሚዋሽበት ምክንያት እምብዛም የለውም። የአካባቢ ታሪክ የሚፈልግ ሰው ጋዜጣን ከኋላ ወደ ፊት ያንብብ እላለሁ።

የዘመን አቆጣጠሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእኛ ቤተሰቦች በሦስት አቆጣጠር ይኖራሉ፤ በኢትዮጵያ፣ በአውሮፓና በሒጅራ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ በኢትዮጵያና በአውሮፓ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። ይህን ረስቶ ስምንት ብቻ የሚቀንስ ሰው የአያቱን ልደት አንድ ዓመት ያዛባዋል። ወደ ውጭ አገር የሄዱ ልጆቻችን ወረቀት ላይ የሚታየው መዘበራረቅ ብዙው ከዚህ የመጣ ነው።

የራሳችን ኅትመቶች የት አሉ?

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ከወጣ በኋላ በአገራችን የጋዜጣና የመጽሔት ጎርፍ መጣ። ሙስሊሙም ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ መጽሔቶቹን፣ ጋዜጦቹን፣ የትርጉም መጻሕፍቱን ማሳተም ጀመረ። የዚያን ጊዜ ወጣቶች ከሶላት በኋላ በመስጊድ በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን ቅጂ ይሸጡ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በወሎ እስልምና ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 ትልቅ መጽሐፍ ያሳተሙት ታሪክ አጥኚው ሑሴን አሕመድ፣ የእነዚያን የመጀመሪያ ዓመታት ኅትመቶች ሰብስበው አንድ ጥናት ጽፈውባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሟል። ከሺሻ ቤትና ከጉልት ያልተረፈውን ወረቀት እርሳቸው ለታሪክ አስተረፉት።

እስቲ ግን ራሳችንን እንጠይቅ። የእነዚያ መጽሔቶች ሙሉ ስብስብ በስንታችን ቤት አለ? አንዱ ቁራሌው ወስዶታል፤ ሌላው ቆሎ ተጠቅልሎበታል፤ ሌላው በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ጢስ አጥቁሮታል። በእርግጥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውም ለአንዳንዶቻችን የመጀመሪያው የንባብ ትምህርት ቤት ነበር፤ አላህ ይስጣቸው፣ የለጠፉትን አልወቅስም። ዛሬ ግን ግድግዳው ፈርሶ ብሎኬት ሆኗል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ቀድመው አይተዋል። በሐረር ዐብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍ በግላቸው ኪታቡን፣ ሳንቲሙን፣ የቆየውን የዘፈንና የዚክር ቅጂ ሲሰበስቡ ኖረው በቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ፤ በኋላም በከተማው ትልቅ ቤት ውስጥ ሥፍራ አገኘ። በመንግሥትም በኩል ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ብዙ ጠብቋል። ነገር ግን የየወረዳው ቅጠል ጽሑፍ፣ የየመስጊዱ ዜና መጽሔት፣ የተማሪዎች ጀመዓ በስቴንስል ያባዛው ወረቀት እዚያ የሚደርሰው ያዘጋጀው ሰው ከወሰደው ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ዜናው ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። የመስጊዱ ምረቃ፣ የኒካሑ ጥሪ፣ የቀብሩ ሰዓት በቴሌግራም ይላካል። ፈጣን ነው፤ ጥሩ ነው። ግን የላከው ሰው ሲያጠፋው ከሁላችንም ሊጠፋ ይችላል። ከአርባ ዓመት በኋላ አንዲት ባልቴት ከሣጥናቸው ሥር ምን ያወጣሉ?

ስለዚህ በዚህ ሳምንት በየቤታችሁ ልታደርጉት የምትችሉትን ልንገራችሁ። የቤታችሁን ሣጥን፣ የአባታችሁን ሻንጣ፣ የቁርኣን መደርደሪያውን ታች ፈትሹ። ጋዜጣ ስታገኙ አትቁረጡት፤ መቁረጥ ካለባችሁም ቀኑንና ስሙን አብራችሁ አስቀሩት፣ ጀርባውንም ተመልከቱ። ፎቶ ካለ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የሰዎቹን ስም ጻፉ፤ የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት እያሉ። ስልክ ያለው ልጅ ፎቶ ያንሳው፤ ወረቀቱ ግን አይጣል። የመስጊዳችሁ ኮሚቴ ማንኛውንም ማስታወቂያ ሲያወጣ ከሦስቱ አቆጣጠር ቢያንስ በሁለቱ ቀኑን ይጻፍበት፤ አንድ ቅጂም በፋይል ያኑር። የምታሳትሙት ነገር ካለ፣ አራት ገጽ እንኳ ብትሆን፣ ለቤተ መጻሕፍት አድርሱ።

በመጨረሻም ከላይ እንድትጠይቋቸው ያልኳችሁን አዛውንት ጠይቋቸው። መልሳቸውን ሲነግሯችሁ «አይ፣ ተሳስተዋል» አትበሏቸው። ያሉትን እንዳሉት ጻፉት፤ አንበጣውንም፣ ጡት የጣለችውንም ሕፃን። ከሥሩ የጻፋችሁበትን ቀንና የእናንተን ስም አኑሩበት። ከዚያ የአንበጣውን ዓመት ጋዜጣ ውስጥ እንፈልገዋለን፣ ኢንሻአላህ።